ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን፦ ከዘፋኞቹ ጀርባ የቆመው መምህር

የጥላሁን ገሠሠን ወይም የብዙነሽ በቀለን ዘፈን የማያውቅ በመካከላችን የለም። አራዳ ወርዶ ሻይ የሚጠጣ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ሲከፈት አብሮ ያንጎራጉራል። ታዲያ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ከዘፋኙ ድምፅ በፊት የሚሰማውን ያንን የትራምፔትና የሳክስፎን መግቢያ ማን ጻፈው? ወንበር ላይ የተቀመጡትን አሥራ አምስትና ሃያ ሙዚቀኞች በአንድ ጊዜ እንዲነፉ፣ በአንድ ጊዜ ዝም እንዲሉ ማን አስተማራቸው? ለዚህ ጥያቄ አፋችንን ሞልተን የምንመልስ ጥቂቶች ነን። ዛሬ የአንዱን መልስ ይዘን ቀርበናል። የምንተርክላችሁ ሰው ትውልዳቸው ከሩቅ ነው፤ መቃብራቸው ግን እዚሁ ሀገራችን ነው። ሥራቸውም እንደኛው ማስተማር ነበር።

(የውጭ ዘመን አቆጣጠር ስንጠቀም እ.ኤ.አ. ብለን ምልክት እናደርጋለን።)

ልደትና ስደት

ነርሲስ ናልባንዲያን በመጋቢት ወር 1907 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1915) ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ በምትገኘው በአይንታብ ከተማ ከአርመናውያን ወላጆች ተወለዱ። ዘመኑ ክፉ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እየነደደ፣ የኦቶማን መንግሥት አርመናውያንን ከቀያቸው እየነቀለ ወደ በረሃ የሚነዳበትና የሚፈጅበት ዓመት ነበር። የነርሲስ ቤተ ሰብ ከሞት ተርፎ ወደ ሶርያ ተሰደደና በአሌፖ ከተማ ተጠለለ። ሕፃኑም ያደገው እዚያው በስደተኞች መካከል ነው።

ስደተኛ ብዙ ዕቃ አይሸከምም፤ በጭንቅላቱ የያዘውን ግን ማንም አይነጥቀውም። ናልባንዲያኖች በጭንቅላታቸው ይዘውት የወጡት ሙዚቃን ነበር። ነርሲስም ገና በልጅነታቸው ኖታ ማንበብን፣ መሣሪያ መጫወትንና መዘምራንን መምራትን ተማሩ።

አጎታቸው ያቀኑት መንገድ

የነርሲስን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ለመረዳት መጀመሪያ የአጎታቸውን የኬቮርክ ናልባንዲያንን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ ውጭ ሀገር ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ጎበኙ። በዚያም በአርመን ገዳም የሚያድጉ፣ በነሐስ መሣሪያ ማርሽ የሚጫወቱ ወላጅ አልባ ልጆች አዩ። ራስ ተፈሪም አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። በታሪካችን አርባ ልጆች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አስተማሪያቸው ሆነው አብረው የመጡትም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ።

በእርግጥ ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡ የነሐስ መሣሪያዎች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም ይነፉ ነበር። በሥርዓት የተደራጀና የደመወዝ ሠራተኛ የሆነ የማርሽ ባንድ ግን በአርባ ልጆች ጠነከረ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሕዝብ መዝሙር ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ፣ ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ላይ ተሰምቷል፤ ከዚያም በኋላ ዘውዱ እስከ ወደቀበት ጊዜ ድረስ የኢትዮጵያ መዝሙር ሆኖ ቆይቷል።

ነርሲስ ወደ ሀገራችን የመጡት እኒህን አጎታቸውን ተከትለው ነው። ጊዜው ጣሊያን ሀገራችንን ወርሮ የያዘበት፣ እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹ መጨረሻ ነበር። ዕድሜያቸው ገና ሃያዎቹን ያላለፈ ወጣት ነበሩ። እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ አርመናውያን ሁሉ የራሴ የሚሉት መንግሥት አልነበራቸውም።

ከማዘጋጃ ቤት እስከ ቴአትር ቤት

ጠላት ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ እንደ ገና መተንፈስ ጀመረች። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊትና ማዘጋጃ ቤት እያንዳንዳቸው የሙዚቃ ክፍላቸውን ማደራጀት ያዙ። በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው ጥቂት ልጆች ተሰባስበው ባንድ አቁመው በየሆቴሉ አይጫወቱም ነበር። ሙዚቀኛ በአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ ጧት ፊርማ ይፈርማል፤ በአለቃ ይታዘዛል። ታዲያ እነዚህን ክፍሎች የሚያሠለጥን ሰው ተፈለገ።

ነርሲስ እ.ኤ.አ. በ1946 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ኃላፊነት ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ የከተማው ሰው ሙሴ ነርሲስ ይላቸው ጀመር። ሙሴ ማለት በዘመኑ ለፈረንጅና ለሌላም የውጭ ተወላጅ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነበር። ፒያኖና ቫዮሊን ይጫወታሉ፤ ዜማ ይደርሳሉ፤ የሌላውን ዜማ ለኦርኬስትራ ያቀናብራሉ፤ መዘምራን ይመራሉ፤ በየትምህርት ቤቱም እየዞሩ ሕፃናትን ሙዚቃ ያስተምራሉ። የፖሊስ ኦርኬስትራም ከእጃቸው ተምሯል። ባጭሩ፣ አንድ ሰው ሆነው የአንድ ተቋም ሥራ ይሠሩ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመርቆ ተከፈተ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው። ሙሴ ነርሲስም ወደዚህ ቤት ተዛወሩና የሙዚቃው መሪ ሆኑ። የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ የተሠራው እዚህ ነው።

አምስት ድምፅና ሰባት ድምፅ

አሁን እስቲ ሥራው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። መምህራን ነንና ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይገባናል።

የሀገራችን ዘፈን በቅኝት ይሄዳል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው አራቱ ዋና ዋናዎቹ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ አለው። የአውሮፓ ሙዚቃ ግን በሰባት ድምፅ መሰላል ላይ የቆመ ነው። ደግሞም የእኛ አዝማሪ ሲዘፍን ማሲንቆው የሚከተለው ያንኑ ዜማ ነው። ድምፅና ክር አንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ በጌጡ ላይ ነው። የአውሮፓው ኦርኬስትራ ግን አንዱ ዜማውን ሲይዝ ሌላው ከታች የተለየ ድምፅ ይዞ ይደግፈዋል። እነዚህን ሁለቱን ማጋባት ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ግን አንድ ያልተፈለገ ድምፅ በጣልቃ ቢገባ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። አድማጩ ምክንያቱን መናገር አይችል ይሆናል፤ ጆሮው ግን ወዲያው እንቢ ይላል።

እንግዲህ የአቀናባሪው ፈተና ይህ ነው። ሳክስፎኑ፣ ትራምፔቱና ትሮምቦኑ በየፊናቸው የሚሉት ነገር እንዲኖራቸው፣ ዘፈኑም ጠባዩን እንዳይለቅ ማድረግ አለበት። ሙሴ ነርሲስ ያደጉት በአርመን ዜማ ነው፤ የተማሩት የአውሮፓን ኖታ ነው፤ ያቀናበሩት የኢትዮጵያን ዘፈን ነው። የሰው ዜማ ሲነኩ መጀመሪያ ማዳመጥ እንደሚያስፈልግ ያወቁ ሰው ነበሩ። በቃል ሲተላለፍ የኖረውን ዜማ በአምስቱ መሥመር ላይ አሰፈሩት፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱን ወረቀት ጻፉለት።

ይህ ለጎንደሬ ጆሮ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዝማች ጌራና አዝማች ራጉኤል ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት እንዳበጁለት ሊቃውንቱ ያስተምሩናል። በቤተልሔም ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር ከፊደሉ በላይ የሰፈሩትን እነዚያን ጥቃቅን ምልክቶች እያየ ያዜማል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለም? ነርሲስም በዘመናዊው ሙዚቃ በኩል ይህንኑ ሠሩ።

ከባሕር ማዶ የመጣው ነፋስ

እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ሲገቡ ዓለም በአዲስ ሙዚቃ ታመሰች። አሜሪካ ውስጥ የጥቁሮቹ ብሉዝ ሮክ ኤንድ ሮልን ወልዶ፣ ኤልቪስ ፕሪስሊ ከ1954 ጀምሮ ሸክላ እያሳተመ ወጣቱን አሳብዶ ነበር። የእንግሊዝ ወደብ የሊቨርፑል ልጆች ደግሞ የእነ ቸክ ቤሪንና የእነ ሊትል ሪቻርድን ሸክላ እየሰሙ ተማሩና ቢትልስ ሆኑ። በየካቲት ወር 1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ገብተው በቴሌቪዥን ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከታቸው። ከአሜሪካ የወጣው ዘፈን በእንግሊዝ ዞሮ፣ ልብስ ለውጦ ወደ አሜሪካ ተመለሰ ማለት ነው። በ1965 ቦብ ዲላን በኒውፖርት ፌስቲቫል የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ቢወጣ ከተመልካቹ ከፊሉ ተቆጣ። በ1966 ጂሚ ሄንድሪክስ ከአሜሪካ ወደ ለንደን ተሻግሮ ጊታርን እንደ ነጎድጓድ አስጮኸው። በ1969 ዉድስቶክ ላይ 400,000 ያህል ወጣት ጭቃ ላይ ተኝቶ ሙዚቃ አዳመጠ።

ይህ ነፋስ ወደ እኛም ደረሰ። በአስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች በሬዲዮናቸው የሀገራቸውን ዘፈን ያሰሙ ነበር። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰላም ጓድ መምህራን በመቶ እየተቆጠሩ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ተበተኑ፤ ብዙዎቹም ጊታርና ሸክላ ይዘው ነበር። ተማሪው ፀጉሩን አጎፈረ፤ ሱሪው ከታች ሰፋ። አዲስ አበባ ውስጥ አለማየሁ እሸቴ በአለባበሱም በአዘፋፈኑም የኢትዮጵያ ኤልቪስ እስከ መባል ደረሰ። የጄምስ ብራውንም አኳኋን በየመድረኩ ታየ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ ሮክ ያለ ትምህርት፣ በጩኸትና በፀጉር ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አራቱ ቢትልስ ኖታ አያነቡም ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከ1962 ጀምሮ በቀረጻ ክፍሉ ከጀርባቸው የቆመ አንድ ሰው ነበራቸው፤ ጆርጅ ማርቲን ይባላል። ለንደን ውስጥ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖና ኦቦ የተማረ፣ ከረባት አሥሮ የሚሠራ፣ ከእነሱ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነው። በ1965 የስተርዴይ ለተባለው ዘፈን አራት የቫዮሊን ዘር መሣሪያዎችን ያቀናበረለት እሱ ነው። ልጆቹ በአፋቸው ያንጎራጎሩትን እሱ በወረቀት አሰፈረው። ዘፋኞቹ በዓለም ሁሉ ሲታወቁ የእሱ ስም የእነሱን ያህል አልታወቀም።

ሙሴ ነርሲስም በአዲስ አበባ ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው። እንዲያውም የእሳቸው ሸክም ይከብዳል። ጆርጅ ማርቲን ኖታ የሚያነቡ ሙዚቀኞችን ከከተማው መርጦ ይጠራል። ሙሴ ነርሲስ ግን አንባቢዎቹንም ራሳቸው ማሠልጠን ነበረባቸው። ወረቀቱን ከመጻፋቸው በፊት ወረቀቱን የሚያነበውን ሰው መፍጠር ነበረባቸው።

ወርቃማው ዘመን

ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ክፉኛ ተናጋ፤ ጥላሁን ገሠሠም ሳይቀር ታስሮ ነበር። በኋላ ጥላሁን ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተዛወረ። ቴአትር ቤቱም በሙዚቃው እየደመቀ ሄደ። በዚያን ጊዜ በመድረክ ላይ ትልቁ ኦርኬስትራ፣ የባህል መሣሪያ ክፍሉ፣ የመዘምራን ኅብረቱ ሁሉም ይታዩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። ትላልቆቹ ኦርኬስትራዎች ቦታቸውን ቀስ በቀስ ለትናንሽ ባንዶች ለቀቁ። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኦርጋንና ድራም፣ ከነሐስ መሣሪያም ሁለት ወይም ሦስት ሆኑና በየሆቴሉና በየምሽት ክበቡ ገቡ። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በመንግሥት ሥር በሀገር ፍቅር እጅ ነበር፤ ዐምሃ እሸቴ የተባለ የ20ዎቹ ዕድሜ ወጣት ግን ደፍሮ በ1969 እ.ኤ.አ. በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄም በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምሮ ተመልሶ የራሱን ኢትዮ ጃዝ ይዞ መጣ።

ይህን ወጣት ትውልድ ስንሰማ ከአየር ላይ የወደቀ አይምሰለን። ነፊዎቹና መቺዎቹ የተፈለፈሉት ከክቡር ዘበኛ፣ ከፖሊስ፣ ከጦር ሠራዊትና ከቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ ነው። ኖታውን ያስቆጠሯቸው፣ ሲሳሳቱ ያስደገሟቸው መምህራን ነበሩ። ከነዚያ መምህራን አንዱና ከፊተኞቹ የሚቆጠሩት ሙሴ ነርሲስ ናቸው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መጸነስም ብዙ ከደከሙት መካከል ይቆጠራሉ። ሙዚቃ በወታደር ቤት ብቻ የሚማሩት ሙያ መሆኑ ቀርቶ እንደ ሒሳብና እንደ ጂኦግራፊ በትምህርት ቤት የሚማሩት ዕውቀት እንዲሆን ለፍተዋል።

ሀገር ያልነበረው ሰው ሀገር ሲያገኝ

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሙሴ ነርሲስ የማዘጋጃ ቤቱን ክፍል ሲመሩ፣ ሕፃናትን ሲያዘምሩ፣ የኢትዮጵያን ዘፈን በኖታ ሲያሰፍሩ፣ ቴአትር ቤቱ ሲከፈት፣ በሕግ ኢትዮጵያዊ አልነበሩም። ያደጉበትን ሀገር እንዳይሉ ስደተኛ ነበሩ፤ የተወለዱበትን ሀገር እንዳይሉ ያባረራቸው ነው። ኢትዮጵያዊ ዜግነት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ወደ ሀገራችን ከገቡ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይተው ማለት ነው።

እነዚያን ሃያ ዓመታት እናስባቸው። ለሀገሩ ሙዚቃ የሚለፋ ሰው፣ ሀገሩ ግን ገና በወረቀት አልተቀበለውም። እንዲህ ያለ ሰው ቢያኮርፍ፣ ሥራውን በግማሽ ልብ ቢሠራ፣ ወደ ሌላ ሀገር ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? ብዙ አርመናውያን ወደ አሜሪካና ወደ ፈረንሳይ ተሰድደዋል። እሳቸው ግን ቀሩ። ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊት ሥራው መጥቶ ነበር። እውነቱን ከተናገርን፣ ዜግነቱን በኖታ ደብተራቸው ላይ አስቀድመው ጽፈውታል።

በሌላም በኩል እኛ ራሳችንን መጠየቅ አለብን። የዘፋኙ ፎቶግራፍ በሸክላው ልባስ ላይ ይወጣል፤ የአቀናባሪው ስም ብዙ ጊዜ ወይ በትንሽ ፊደል ይጻፋል ወይ ጭራሽ አይጻፍም። የመሥራችነትን ታሪክ ስንጽፍም የውጭ ስም ያለውን ሰው መዝለል ይቀናናል። ይህ ደግ ልማድ አይደለም። ከሰው የተማርነውን መግለጽ ውርደት የለበትም፤ ከሰው ተምሮ መካድ ነው ውርደቱ።

ዕረፍትና ትዝታ

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ ደርግም መንግሥቱን ያዘ። የሰዓት እላፊ ታወጀና ምሽቱ ጨለመ። የምሽት ክበቡ ተዘጋ፤ ብዙ ሙዚቀኛ ተሰደደ፤ የቀረውም እንደ ልቡ መጫወት አልቻለም። ሙሴ ነርሲስ ያረፉት በዚሁ ክፉ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በአዲስ አበባ ነው። ዕድሜያቸው 62 ዓመት ነበር። በሰው ሞት የተጥለቀለቀ ጊዜ ስለነበር የአንድ የሙዚቃ መምህር ሞት ብዙም አልተነገረም።

ግን ጽሑፍ አይሞትም ብለን አልነበር? ከዓመታት በኋላ ቤተ ሰባቸው ያቆየው የኖታ ወረቀት ተገለጠ። አይዘር ኦርኬስትራ የተባለ የአሜሪካ የጃዝ ቡድን ቅንብሮቻቸውን በመድረክ ተጫወተ፤ ሥራውም ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 32ኛ ቁጥር ሆኖ በፈረንሳይ ታተመ። የአሜሪካ ሙዚቀኞች አንድ አርመናዊ የጻፈውን አነበቡ፤ ያነበቡትንም ነፉት፤ የወጣው ድምፅ የኢትዮጵያ ነበር። ሰውየው በሕይወት ሳሉ የጻፉት ወረቀት ያለ እሳቸው ሥራውን ሠራ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ነገ ሥልጠናችንን ጨርሰን ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ጃን አሞራ፣ ወደ ወገራ ስንበተን ብዙዎቻችንን የሚያውቀን የቀበሌው ሰው ብቻ ይሆናል። ተማሪያችን ሐኪም ወይም ዘፋኝ ሲሆን ስሙ በሬዲዮ ይነገራል፤ የእኛ ግን አይነገርም። ይህ ከወዲሁ የሚያስከፋው ካለ የሙሴ ነርሲስን ሕይወት ያስብ።

ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ከማስተማር በፊት ማዳመጥ። እሳቸው የባዕድ ጆሯቸውን ለትዝታና ለአምባሰል ባይከፍቱ ኖሮ የሚያስተምሩት የአውሮፓ ማርሽ ብቻ በሆነ ነበር። የገጠር ልጅም ወደ ክፍል ሲገባ ባዶ እጁን አይመጣም፤ እረኛ ሆኖ የነፋው ዋሽንት፣ በሠርግ የሰማው ማሲንቆ አለው። ከዚያ ላይ እንጀምር። ሁለተኛ፣ መጻፍ። የምናዘጋጀውን ትምህርት፣ የምንሰበስበውን ተረትና ዜማ በደብተር እናስፍር፤ ከእኛ በኋላ የሚያነብ ይመጣልና። ሦስተኛ፣ የአስተማሩንን በስም መጥራት። ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ ፊደል ያስቆጠሯችሁን የኔታ ወይም የመጀመሪያ ክፍል መምህራችሁን ስም አንድ ጊዜ ጥሩ።

ማታ ደግሞ አንድ የድሮ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ዘፋኙ እስኪጀምር አትቸኩሉ። መግቢያውን አዳምጡ። ሳክስፎኖቹ ተያይዘው ሲነሱ፣ ትራምፔቱ ሲመልስላቸው፣ ያንን ድምፅ በወረቀት ላይ አንድ በአንድ ያሰፈረ፣ ሲሳሳቱም እንደ ገና ያስደገማቸው መምህር እንደ ነበረ አስታውሱ።